ቁጥር የሰጠሁት ቴሌግራም

የእናቴን መታመም የሰማሁት በመሥሪያ ቤታችን የስብሰባ አዳራሽ፣ ሃያ ስድስት ሰው በተቀመጠበት፣ ለትምህርት መርጃ ሆኖ ሲነበብ ነው። ሌላው ሰው እንዲህ ያለ ወሬ በዘመድ ወይም በጎረቤት ይነገረዋል። ቢያንስ መጀመሪያ «ተቀመጪ እስቲ» የሚለው ሰው ያገኛል። ለእኔ የነገረኝ ከአዲስ አበባ የመጣ አሠልጣኝ ነው፤ ያውም በአንድ እጁ ጠመኔ እንደያዘ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። ጋምቤላ ከገባሁ አራተኛ ዓመቴ ነበር። ሁላችንም «ጓድ» እየተባባልን የምንጠራራበት ዘመን ነው። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ኃላፊ ስላችሁ ከሥሬ ሠራተኛ ያለኝ እንዳይመስላችሁ፤ ከሥሬ የነበረው ወንበሬ ብቻ ነው። ሥራዬ የሚገባውን ወረቀት ገቢ፣ የሚወጣውን ወጪ ማለት ነው። እናቴ ጎጃም፣ እኔ ባሮ ዳር። በየዓመቱ የዝውውር ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ በየዓመቱ «ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው» የሚል መልስ ይመጣልኛል። ሙቀቱን ለመድኩት፤ ትንኙንም ለመድኩት። ያልለመድኩት የእናቴን ድምፅ አለመስማት ነው።

እንግዲህ በዚያ ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም፣ «የአሠራር ጥናትና ማሻሻያ» የሚባል ሥልጠና መጣልን። አሠልጣኙ ቀጭን፣ ትሑት፣ ላቡ የማይደርቅ ሰው ነው። አንድ ጉዳይ ከተጀመረበት እስከሚያልቅበት ድረስ በስንት እጅ እንደሚያልፍ በሥዕል ማውጣት ነው ትምህርቱ። ትልቅ ካኪ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጠፈና፣ «ክብ ሥራ ነው። ቀስት ጉዞ ነው። ሦስት ማዕዘን ደግሞ ወረቀቱ ሥራ ሳይሠራበት ተኝቶ የሚጠብቅበት ቦታ ነው» አለን። ሦስት ማዕዘኑ እንኳ ደስ አላለኝም። ሥላሴን የሚያስታውስ ነገር ለሰነፍ ወረቀት መኝታ መሆኑ ከበደኝና በደብተሬ ላይ ስስለው አንዱን ጥግ ሆን ብዬ አጎበጥኩት። ኋላ አሠልጣኙ ደብተሬን አይቶ «ይህ እንቁላል ምንድን ነው?» ብሎኛል።

በሦስተኛው ቀን «አሁን ከመጽሐፍ እንውጣ። ከጓድ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ብዙ ጊዜ የተኛ እውነተኛ ወረቀት አምጡልኝና እንከተለው» አለ። ኃላፊያችን ለሥራ ፑኝዶ ሄዶ ስለነበር የሚቆጣን አልነበረም። ተላላኪያችን አቶ ኡጁሉ ተነሡና ወጡ፤ ወዲያው ተመለሱ። ፈልገው አይደለም ያመጡት። የትኛው እንደሆነ ያውቁ ነበር።

አሠልጣኙ ወረቀቱን ተቀብሎ ጀርባውን አየ። «ገቢ የሆነው ነሐሴ ሁለት። ዛሬ አሥራ አንድ። ዘጠኝ ቀን! በጣም ጥሩ!» አለ፤ ደስ ብሎት። ሳይከፈት የተጣበቀውን ጫፍ ቀደደ። «ጉዳዩ ምንድን ነው? ‹እናትሽ በጠና ታማለች፤ ቶሎ ድረሺ፤ ወንድምሽ።›» ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዞረና በጥሩ ጽሕፈት «ጉዳዩ፦ የእናት ሕመም» ብሎ ጻፈ። «የባለጉዳይዋ ስም ደግሞ...» ብሎ ስሜን ጮክ ብሎ አነበበ። ከዚያ ጠመኔው ቆመ። ዞር ሲል ሁሉም ሰው የሚያየው እኔን ነው።

ቁጥሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ማኅደሩ ውስጥ የከተትኩትም እኔ ነኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሠራተኛ ማስጠንቀቂያ የተጻፈበትን ደብዳቤ ከገዛ ማኅደሩ መንትፎ በላው። ዝም ብዬ «በላው» አላልኩም፤ አኝኮ ነው የዋጠው። ያን ጊዜ ጥርጣሬው በመዝገብ ቤቱ ላይ አረፈ። እኔ ደግሞ ሰው ከሚያማኝ ወባ ቢይዘኝ እመርጣለሁ። ስለዚህ በስብሰባ ተነሥቼ፣ «ማንም ሠራተኛ ራሱን የሚመለከት ወረቀት ኃላፊው አስቀድሞ ሳያየው እንዳይከፍት፤ ይህም ከመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ይጀምር» ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። ተጨበጨበ። በሕይወቴ የተጨበጨበልኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ቴሌግራሙን ከፖስታ ቤት ያመጡት አቶ ኡጁሉ ናቸው። አኙዋ ናቸው፤ አማርኛን የተማሩት በጎልማሳነታቸው ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ብለው ነው የሚያስተዳድሩት። በአራት ዓመት ከእርሳቸው ቋንቋ ከሰላምታ ያላለፍኩ ሰው ነኝና ለመሳቅ አፍ የለኝም።

«እህቴ፣ ይሄ ወረቀት ጥሩ አይደለም» አሉኝ።

«ማንበብ መቼ ጀመሩ፣ አቶ ኡጁሉ?»

«አላነበብኩም። የፖስታ ቤቱ ሰውዬ ሁልጊዜ ይስቃል። ዛሬ ይሄን ሰጠኝ፣ አልሳቀም።»

«ወባ ይዞት ይሆናላ» አልኳቸው።

ስሜን ከላይ ሳይ ልቤ ዘለለ። የዝውውሬ መልስ መሰለኝ! መቼም ዝውውር በቴሌግራም አይመጣም፤ የምትጓጓ ሴት ግን ይህን አታስብም። ጉጉቴ ሲበዛ ደግሞ ፈራሁ። ፍልሰታ ነው፤ እመቤቴን ስማጸን የኖርኩት ስለዚሁ ነው፤ ገና ሳይፈቀድልኝ ልቀደው? «ዓይንም ይጹም» አልኩና፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ ቀን ጽፌ፣ ወደ ኃላፊው ማኅደር አስገባሁት። ከዚያ ዘጠኝ ቀን ሙሉ በማኅደሩ አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር ፈተናውን በማሸነፌ ደስ ይለኝ ነበር። ለእናቴ ስል የጾምኩት ጾም ከዚህ የከበደ አልነበረም።

ወደ አዳራሹ ልመለስ። አሠልጣኙ ከግንባሩ እስከ አንገቱ ላብ ሆነ። «ይቅርታ ጓድ... እኔ ምሳሌ ብቻ...» ብሎ ተንተባተበ። ታይፒስታችን ኛቦል ከኋላ ወንበር ተነሥታ መጥታ ክንዴን ያዘች። ኛቦል ኑዌር ናት፤ ጴንጤ ናት፤ በዚያ ክፉ ጊዜ የጸሎት ቤታቸው ተዘግቶባቸው መዝሙሯን በታይፕ ድምፅ ውስጥ ደብቃ የምታንጎራጉር ሴት ናት።

«ተነሺ፣ ሂጂ» አለችኝ።

«ፈቃድ ሳይፈቀድልኝ የት እሄዳለሁ?»

«እናንተ ደገኞች እናት ሲታመም ወረቀት ትጽፋላችሁ። እኛ እንሮጣለን።»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ፤ ፊቴ ግን ረጥቦ ነበር።

አሠልጣኙ የበደለኝን ሊክስ ፈልጎ ይመስለኛል፣ «እንዲያውም የጓዲቷን ፈቃድ አሁኑኑ እዚሁ እንጨርሰው! ደረጃዎቹን እንዘርዝር» አለ። ሃያ ስድስት ሰው ተረባረበልኝ። ማመልከቻ። የቅርብ አለቃ አስተያየት። ክሊራንስ። የኃላፊ ፊርማ። ማኅተም። መሸኛ ለቀበሌ። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት። ያለ ይለፍ ወረቀት ኬላ አያሳልፍም፣ መኪናም አይጭንም። ካኪው ወረቀት አልበቃ ብሎ ሁለተኛ ተቀጠለ። አሥራ ዘጠኝ ደረጃ ወጣ።

ክሊራንሱ ላይ ስንደርስ ነገሩ ተቆላለፈ። ከክፍለ ሀገሩ የሚወጣ ሠራተኛ ከንብረት ክፍልና ከመዝገብ ቤት «ዕዳ የለበትም» ተብሎ ይፈረምለታል። ለመዝገብ ቤት የምፈርመው እኔ ነኝ።

«ፈርሚያ!» አለ አንዱ።

«ለራሴ? እንዴት ብዬ?»

«እሺ፣ ተተኪሽ ይፈርም» አለ አሠልጣኙ።

«ተተኪ የሚመደበው እኔ ክሊራንስ ስይዝ ነው።»

«ክሊራንስሽን የሚፈርመውስ?»

«ተተኪዬ።»

አሠልጣኙ ከክሊራንስ ወደ ተተኪ አንድ ቀስት ሳለ፤ ከተተኪ ወደ ክሊራንስ ሌላ ቀስት መለሰ። ራቅ ብሎ አየው። ዓይኑ በራ። «ጓዶች፣ በዘጠኝ ክፍለ ሀገር አስተምሬያለሁ፤ እንዲህ የጠራ ቋጠሮ አላየሁም!» አለ። ሁሉም ደብተሩ ላይ ቀዳው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ እኔም ቀዳሁት።

ቋጠሮውን የፈታችው ኛቦል ናት። ቅጹን ከእጄ ነጥቃ «ስለ መዝገብ ቤት ኃላፊ» ብላ ፈረመችበት። ሥልጣን የላትም ብዬ ልከራከር አፌን ስከፍት፣ «ዝም በይ፤ ኃጢአቱ የእኔ ይሁን» አለችኝ። ቅጹን መልሼ ተቀበልኳት። የቀረው የኃላፊው ፊርማና ማኅተም ነው። ማኅተሙ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ አይደለም። ያ ደብዳቤ ከተበላ ወዲህ ኃላፊያችን ማንንም ስለማያምን በሄደበት ሁሉ በኪሱ ይዞት ይዞራል። ስለዚህ ማኅተሙም ፑኝዶ ነው።

ከሰዓት በኋላ የሆነውን ነው እንግዲህ እስከ ዛሬ የማልውጠው።

ነጋዴው ሐጂ ሰዒድ ወሬውን ሰምተው ቢሮዬ ድረስ መጡ። የወሎ ሰው ናቸው፤ ከመሥሪያ ቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ አላቸው፤ ጾሜን ስለሚያውቁ በፍልሰታ ሽሮና ምስር ያስቀምጡልኛል። በሩ ላይ ቆመው፣

«የኔ እናት፣ መኪናዬ ነገ በማለዳ ወደ ጎሬ ይነሣል። ጋቢና ውስጥ አንድ ቦታ አለኝ» አሉኝ።

«የይለፍ ወረቀት የለኝም፣ ሐጂ።»

«የኬላዎቹን ልጆች አውቃቸዋለሁ። እናቷ ታማባት ነው እላቸዋለሁ። እነሱስ እናት የላቸውም?»

«ቢያስወርዱኝስ? እርስዎንም ባስይዝዎትስ?»

«ካስወረዱሽ አብሬሽ እወርዳለሁ። ሰማዩን እይው፤ ነገ ካልተነሣን መንገዱ ይቆረጣል።»

«ደንብ ነው፣ ሐጂ። ማኅተሙ በሁለት ቀን ይመጣል።»

ሐጂ ሰዒድ ቢሮውን ዞር ዞር ብለው አዩ። ከዚያ፣ «አንቺን ማን ያዝዝሻል፣ የኔ እናት? ኃላፊሽ እንኳ እዚህ የለም» አሉ። ወደ መዝገቤ ጎንበስ አልኩ። በማግሥቱ ጠዋት የመኪናቸውን ጥሩምባ ሰማሁ። ደጄ ላይ ቆመው ሦስት ጊዜ ነፉ። ውስጥ ሆኜ ዳዊት እደግም ነበር። መዝሙሩን አቋርጬ ብወጣ የማመነታ መሰለኝና አልወጣሁም።

አቶ ኡጁሉ ለማንም ሳይናገሩ ቅጼን በላስቲክ ጠቅልለው በሸሚዛቸው ውስጥ ከትተው፣ እህል በጫነ መኪና ተንጠልጥለው ፑኝዶ ሄደው ነበር። የማንም ትእዛዝ የለባቸውም። በደንቡ ቢሆን እርሳቸውም ፈቃድ ያስፈልጋቸው ነበር።

እኔ ሥልጠናዬን ቀጠልኩ። ምን ላድርግ? አቴንዳንስ ይያዛል። የእኔ ጉዳይ የቡድን ሥራ ሆኖ ተሰጠ። አንደኛው ቡድን አሥራ ዘጠኙን ደረጃ ወደ ስምንት፣ ሁለተኛው ወደ አራት አወረደው። የሦስተኛው ቡድን ጸሐፊ ተነሥቶ «እኛ ወደ አንድ አውርደነዋል፤ ሠራተኛዋ ተነሥታ ትሄዳለች» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አሠልጣኙ ግን ተቆጣ፤ ቁም ነገር ላይ ቀልድ አይገባም አለ። ለሁለተኛው ቡድን ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል፤ እኔ እጄን እያጨበጨብኩ በልቤ ቀን እቆጥራለሁ። አሠልጣኙ ወደ እኔ ዞሮ፣ የተሻሻለው አሠራር በሥራ ላይ እንዲውል በጽሑፍ ይቀርባል፣ በመዝገብ ቤት በኩል ያልፋል፣ አለኝ።

አቶ ኡጁሉ በአራተኛው ቀን ተመለሱ፤ ጭቃው ከጉልበታቸው በላይ ደርቆባቸዋል። ላስቲኩን ፈትተው ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉልኝ። ፊርማው አለ። ማኅተሙም አለ፤ ግን ግማሹ ፊርማው ላይ ወድቆ ዙሪያ ጽሑፉ አይነበብም።

«አቶ ኡጁሉ፣ ይህ እኮ አልጠራም። ኬላ ላይ ቢመልሱኝስ?»

ሰውየው በአራት ዓመት ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። ጠረጴዛዬን በእጃቸው መቱት፤ የቀለም ጠርሙሴ ዘለለ።

«እህቴ፣ ሂድ! ሂድ አልኩህ! እናት ነው!»

በማግሥቱ ማለዳ ቀበሌው የይለፍ ወረቀቱን ከወረቀቴ ጋር አያይዞ ሰጠኝና ሄድኩ። ኬላው ላይ ያለው ወታደር ወረቀቴን ገልብጦ ያዘው፤ ገልብጦ እንደያዘው አነበበው፤ ገልብጦ መለሰልኝ። «ማን ሞቶብሽ ነው?» አለኝ። «ታማ ነው» አልኩት። «እግዜር ይማርልሽ፤ እለፊ» አለ። ማኅተሙን አላየውም። ሐጂ ሰዒድ እውነታቸውን ነበር።

መንገዱም እንዳሉት ተቆርጦ ነበር። ከጎሬ በታች ጭቃ ውስጥ ሁለት ቀን አደርን። ተሳፋሪው መኪናውን ሲገፋ እኔም ነጠላዬን አገልድሜ ገፋሁ። ከአዲስ አበባ ጎጃም፣ ከወረዳው ከተማ በእግር እስከ መንደራችን። ነሐሴ ሃያ ሦስት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ የቤታችንን ጎበጥ ያለ ጣሪያ ከሩቅ ሳየው ግቢው ሰው ሞልቶበታል። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ጠያቂ በዝቶላታል ብዬ። ከዚያ አንዲት ጎረቤታችን አየችኝና ሁለት እጇን ራሷ ላይ አደረገች። እናቴ ያረፈችው ነሐሴ አሥራ ዘጠኝ ነው። ሰልስቷም አልፏል።

ለወንድሜ ለምን እንደዘገየሁ ልነግረው ብዙ ሞከርኩ። ገቢ መዝገቡን፣ ማኅደሩን፣ ክሊራንሱን አስረዳሁት። ገበሬ ነው፤ በትዕግሥት አዳመጠኝ። ስጨርስ፣ «እሺ። ደብዳቤውን ያልሰጠሽ ሰውዬ ግን ማነው?» አለኝ። እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። «መሥሪያ ቤቱ ነው» አልኩት። ውሸት አይደለም ብዬ ለንስሐ አባቴ ሳልነግር ብዙ ጊዜ ቆይቻለሁ፤ ኋላ ነገርኳቸው።

ጋምቤላ ስመለስ የምስክር ወረቀቴ ይጠብቀኝ ነበር፤ የመጨረሻዎቹን ቀናት ባልገኝም «በከፍተኛ ውጤት» ይላል። የተሻሻለው አሠራር በጥር ወር ጸደቀ፤ የሠራተኛ ቴሌግራም ሳይመዘገብ በቀጥታ ለባለቤቱ እንዲሰጥ የሚል ነው። ደብዳቤውን ገቢ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ካኪውን ወረቀት አሠልጣኙ ለሌላ ቦታ ማስተማሪያ ጠቅልሎ ይዞት ሄደ አሉ። ስለዚህ ከማላውቃቸው አዳራሾች በአንዱ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ከእናቴ ሕመም ላይ ቀስት ሲቀዱ ይሆናል። ተምረውበት ከሆነ አልከፋም።

እኔም ትምህርቴን አልረሳሁትም። አንድ ቀን ብቻዬን ተቀምጬ የራሴን መንገድ ሳልኩት። ክቡን፣ ቀስቱን፣ ሁሉንም። የሐጂ ሰዒድ መኪና ያን ጠዋት ተነሥቶ ጭቃው ሳይብስ በዕለቱ ጎሬ ገብቷል። አብረው የሄዱት ሰዎች በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ነበሩ፤ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ከእነርሱ ጋር ብሆን ነሐሴ አሥራ ሰባት ቤት እደርስ ነበር። ሁለት ቀን። እናቴ በሕይወት ያለችበት ሁለት ቀን ነበረኝ፤ የዘጠኙን ቀን ጥፋቴን ሁሉ ቆጥሬ እንኳ ሁለት ቀን ይተርፈኝ ነበር። ደጄ ላይ ሦስት ጊዜ ጥሩምባ የነፋልኝ ያው መኪና ነው።

ስለ እነዚያ ሁለት ቀናት የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። ወንድሜን ስጠይቀው «ምንም አላመማት፣ እንቅልፍ ነበር» ይላል። አክስቴ «እስከ መጨረሻው ስምሽን ትጠራ ነበር» ትላለች። ንስሐ አባታችን «በሰላም ሄዳለች ልጄ» ብለው ያልፉታል። ሁሉም የሚነግሩኝ ፊቴን እያዩ ነው፤ አንዱ እንዳላዝን፣ አንዷ እንዳልረሳት።

እናንተ በነሐሴ አሥራ ሰባትና አሥራ ስምንት በተራ እያደራችሁ ያስታመማችኋት፣ ከንፈሯን በውኃ ያራሳችሁላት፣ ያገላበጣችኋት የመንደራችን ሰዎች፤ ይህ ጽሑፍ በሰው እጅም ቢሆን ከደረሳችሁ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። አታጽናኑኝ። መጽናናቱን ብዙ ሰው ሰጥቶኛል። እነዚያን ሁለት ቀናት እናቴ ሰው ትለይ ነበር ወይ? ገብቼ «እማዬ፣ መጣሁ» ብላት፣ እኔ መሆኔን ታውቅ ነበር? አታውቅም ነበር ካላችሁ ጻፉልኝ። ታውቅ ነበርም ካላችሁ፣ እባካችሁ፣ እሱንም ጻፉልኝ።